ጭስ ሲላት

ጎንሽን አታሳዪ፣ አፍንጫሽን ስጪያቸው እንጂ ጎንሽን አታሳዪ፣ ይህን ያስተማራት እሱ ነው፣ አሁን ከበሩ ማዶ ሁለት እጁ እንደ አራስ ልጅ ተጠቅልሎ የተኛው ታናሽ ወንድሟ፣ እሷ ደግሞ ከበሩ ወዲህ፣ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ በአንድ ብረት ከተያያዙት የፕላስቲክ ወንበሮች በመጨረሻው ተቀምጣ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ፣ ግማሽ ፊቷን ከምሰሶው ጀርባ አድርጋ። ልብ በይ፣ ትላለች ለራሷ፣ እዚህም ደሴት አገኘሽ።

ከምሰሶው ጀርባ ሆና በሩ ይታያታል፣ ደረጃውም ይታያታል፣ ከደረጃው የሚመጣ ሰው ግን እሷን ለማየት ሦስት እርምጃ ያህል ማለፍ አለበት። አስባ አልነበረም የተቀመጠችው። እግሯ ነው የመረጠው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ደሴት ሲመርጥ የኖረ እግር፣ እጅ ማለቷ ነው፣ እጇ ነው የኮምፒውተር ጨዋታ መርከቧን የሚነዳው፣ እግሯማ የስፌት ማሽኑ ነው።

ቦርሳው ውስጥ ወረቀት አለ። ታላቅ እህቷ ናት የሰጠቻት፣ ትናንት፣ ለሁለት አጥፋ፣ በፕላስቲክ አድርጋ፣ ምክትል ርዕሰ መምህርት አይደለች፣ ወረቀት አታጨማድድም። እናታችን ወደ አረጋውያን መጦሪያ ትገባ ዘንድ ልጆቿ ተስማምተናል ይላል። ልጆቿ። የታላቅየው ፊርማ ሰፍሯል፣ እንደ ብረት አጥር ቀጥ ያለ ፊርማ፣ ከሥሩ ባዶ መስመር አለ፣ ያ የእሷ ነው፣ የወንድማቸው መስመር የለም፣ እጁ ተቃጥሎ የለ፣ በምን ሊፈርም፣ ቢፈርምስ ማን ሊሰማው፣ እናቱን ጥሎ ጨዋታ ላይ የተጣደ ወንድ። እንዲህ ነው ያለችው እትዬ። ተጥዶ። ጀበና ይመስል።

እስከ አስር ሰዓት ፈርመሽ ትጠብቂኛለሽ፣ ከዚያ አብረን ገብተን እንነግረዋለን።

አሁን ዘጠኝ ተኩል ነው። ቀኑ ማክሰኞ። ከቅዳሜ ወዲህ ያለው ሁሉ ግን አንድ ቀን ነው የሚመስላት፣ የማይመሽ፣ የማይነጋ፣ ሽታው የተቃጠለ ፕላስቲክ የሆነ።

ቀላል ክሩዘር የሚሏት የጦር መርከብ ናት የጨዋታ መርከቧ። ስሟ ራሱ ስድብ። የዛሬ ሁለት ዓመት ያን አሮጌ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ መጥቶ ከማሽኗ አጠገብ ሲተክልላት፣ እቴ እስከ መቼ ከቁልፍ ቀዳዳ ጋር ስትፋጠጪ ትኖሪያለሽ፣ እስቲ ባሕር እይ ብሎ ጨዋታውን ሲያሳያት፣ ይቺ የአንቺ ናት፣ ቀላል ክሩዘር ናት ሲላት፣ ከመርከብ ሁሉ መርጠህ ቀላሏን ነው ለእኔ፣ ሰው ምን ይለኛል ብላው ነበር፣ እሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ አርባ አንድ ዓመቱ ነው፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ቤተሰቡ ዛሬም ማሙሽ ነው የሚለው፣ ሲስቅም እንደ ማሙሽ ነው፣ ቀላል ማለት እኮ ብረቷ ስስ ነው ማለት ነው፣ ግዙፎቹ መርከቦች አንዴ በጎኗ ካገኟት አለቀላት፣ ግን እግረ ፈጣን ናት፣ መድፎቿም ትንንሽ ሆነው ዕረፍት አያውቁም፣ ጠጠጠጠጠ። ጠጠጠጠጠ ሲል ነው ልቧን የወሰደችው። የማሽኗ ድምፅ ነዋ። ሠላሳ ዓመት የሰማችው ድምፅ ባሕር ላይ ወጥቶ ሰው ሲያስፈራ። መርፌ ብላ ስም አወጣችላት።

እና ጎበዝ ሆነች፣ አንድ ወር ሳይሞላት በለጠችው። ለምን እንደበለጠችው ታውቃለች፣ ዛሬ ነው ያወቀችው፣ እዚሁ ወንበር ላይ። ስትገቢ መውጫሽን እወቂ ይላታል፣ እሷ ዕድሜዋን ሙሉ መውጫዋን ሳታይ የሰው ቤት ገብታ አታውቅም። ሜዳ ላይ ከሆንሽ አትተኩሺ፣ የተኮሰ ይታያል፣ ዝም ያለ ያልፋል። ከደሴት ጀርባ ቁሚና ጥይትሽ ተራራውን ተሻግሮ ይውረድባቸው። ይህን መቼ ነው እንደ አዲስ የተማረችው፣ ቤተሰብ በተሰበሰበ ቁጥር አንዲት ቃል ወርውራ፣ አንዱን አቃጥላ፣ ኧረ ማሽኔን ክፍት ትቼ ነው የመጣሁት ብላ ላጥ። ምላሷ ከመቀሷ ይሰላል ይሏታል። ሲሏት ደስ ይላታል። መቀስ ግን ቆርጦ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው የሚገኘው፣ እሷ አትገኝም።

እሳት መለኮስ ነው የቀላል ክሩዘር ሥራ። የግዙፎቹን ብረት ጥይቷ አይበሳውም፣ ላያቸው ላይ ግን እሳት ይለኩሳል፣ እሳቱ ነው የሚጨርሳቸው። ሦስት ቦታ ለኮስኩት ማሙሽዬ፣ እየው እንደ ደመራ፣ እያለች በማዳመጫው ስትጮህ።

እንደ ደመራ።

አፍሽ ይቆረጥ።

አንዲት ነርስ ጋሪ እየገፋች ታልፋለች፣ የጋሪው አንድ ጎማ ይንጫጫል፣ ዘይት የሚቀባው ጠፍቶ ነው፣ ማሙሽ ቢሆን ኖሮ አይቶ አያልፍም ነበር፣ እህቴ ቆይ አንዴ ብሎ ተንበርክኮ። በየትኛው እጁ።

ቅዳሜ ከሰዓት የማን ተራ ነበር? የእሷ። ይህ ክርክር የለውም። እናታቸው የምትኖረው ከማሙሽ ጋር ነው፣ አእምሮዋ መሄድ ከጀመረ ሦስት ዓመቱ፣ መብራት አጥፊ ስትባል ውኃ ትከፍታለች፣ ልጇን ወንድሜ ትለዋለች፣ እሱም አቤት እህት ዓለም ይላታል፣ ምን ያድርግ። ሳምንቱን ሙሉ እሱ ነው፣ እሑድ እትዬ ናት፣ ቅዳሜ ከሰዓት እሷ። አንዲት ከሰዓት። አምስት ሰዓት የማትሞላ። እሷም ቅዳሜ ጠዋት ደወለች፣ ማሙሽዬ ዛሬ አልችልም፣ የአርባ ተማሪ ዩኒፎርም አለብኝ፣ ሰኞ የሚደርስ፣ ወገቤ ተቆርጧል። ዩኒፎርሙ ዓርብ አልቆ፣ ታጥፎ፣ በማዳበሪያ ታስሮ በር ሥር ተቀምጧል። ሁለት ድል ነበር የቀራት። ሁለት ድል ብታገኝ መርፌ ደረጃ ትወጣለች፣ አዲስ መድፍ ይገጠምላታል። አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። በራሷ ጊዜ ፊደል ቆጥራ፣ የጨርቅ መጠቅለያ ጋዜጣ ሳይቀር አንብባ፣ ስንት ወፍራም መጽሐፍ የጨረሰች ሴት፣ እናቷን በሁለት ድል።

አይዞሽ እቴ፣ እኔ አለሁ፣ አለ።

ስምንት ሰዓት ላይ ማዳመጫዋ ውስጥ ሳቁ መጣ። ከቤቱ ሆኖ ጨዋታውን ከፍቶ ስሟን እዚያ አይቶት። ዩኒፎርሙ ለመርከበኞች ነው እንዴ እቴ? በኀፍረት ጆሮዋ ጋለ። ዝም በል፣ አሁን ዕረፍት ወጥቼ ነው። አንቺ ውሸታም፣ በይ ጥሪኝ፣ እማ ተኝታለች፣ አንድ ጨዋታ አብረን እንጫወት። አልተቆጣም። ቢቆጣ ምን ነበረበት፣ ቢሳደብ፣ ምናለ አንዴ እንኳ በእኔ ላይ ጥይት ቢያባክን፣ ተነስታ ትሄድ ነበር እኮ፣ በኀፍረት ትሄድ ነበር።

ትሄዳለች? እንጃላት።

እሱ የሚነዳው ዲስትሮየር የሚሏትን ነው፣ ትንሿን ፈጣኗን፣ ትንኝ ብሎ ነው የሚጠራት፣ ፊት ፊት ሄዳ ጠላት የት እንዳለ የምታሳይ፣ ዓይን ማለት ናት፣ እሷ ከሞተች ሁሉም ዕውር ነው። ስለዚህ ቀላል ክሩዘር የትንሿ ጠባቂ ናት። ይህን ከሁሉ አስቀድሞ ነው ያስተማራት። እቴ፣ እኔ ፊት ሆኜ ጭስ ካልኩሽ፣ የራሴ አልቋል ማለት ነው፣ ታየሁ ማለት ነው፣ አንቺ መደበቂያ ጭስሽን ትለቅቂና እኔ ውስጡ እገባለሁ፣ ለምን ብለሽ አትጠይቂ፣ እስክትጠይቂ እሞታለሁ። ጭስሽ ደግሞ ሦስት ጊዜ ነው፣ አራተኛ የለውም፣ አታባክኚው።

ለምን ብለሽ አትጠይቂ።

አልጠየቀችም።

ግዙፉን እየለበለበችው ነበር፣ ከደሴቷ ጀርባ፣ ጠጠጠጠጠ፣ ዓይኗ እሳቱ ላይ፣ ትንኝ ፊት ነው፣ የራሱን ጭስ ጨርሷል፣ ያኔ ነው የጠራት፣ ጭስ! ወዲያው ጣቷ ቁልፉ ላይ ወረደ፣ እንደ መርፌ፣ ጣልኩልህ ግባበት! ጭስ ነው እቴ፣ ጭስ! አየሁ እኮ፣ አለልህ፣ ግባ እንጂ ምን ትንተባተባለህ፣ ግባ! ግባ!

ገባ።

ወንበሩ ድንገት ይንቀሳቀሳል፣ በሌላኛው ጫፍ ሰው ተቀምጦ ነው፣ አንድ ሽማግሌ፣ የምርመራ ውጤት በፖስታ ይዘው፣ ከበሩ በላይ ያለውን ቁጥር ያነባሉ፣ ደጋግመው። ማን ታሞብሽ ነው ልጄ? ወንድሜ። ምን ሆኖ? ጭስ ገብቶ፣ ትላለች፣ አፏ ላይ አመዱ ይቀራል። ጭስ ክፉ ነው ይላሉ፣ ከእሳቱ ጭሱ። አዎ አባቴ፣ ከእሳቱ ጭሱ።

እናታቸው ከእንቅልፏ ተነስታ ሻይ አሰኝቷት፣ የኤሌክትሪኩን ውኃ ማፍሊያ፣ የፕላስቲኩን፣ የጋዝ ምድጃው ላይ ጥዳው ነበር። ቀለጠ። መጋረጃው ያዘ። መጋረጃውን የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ናይለን ነው፣ ርካሽ ነው ብዬ፣ ሲነድ ይንጠባጠባል፣ ናይለን እንደሚንጠባጠብ የማላውቅ ልብስ ሰፊ ነኝ? ማሙሽ ከሳሎን ተነስቶ ወጥ ቤት ዘልቆ ገባ፣ እናቱን ተሸክሞ ደጅ አወጣት፣ ከዚያ ተመለሰ፣ ሲሊንደሩን ሊዘጋ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ የሚፈነዳውን ያውቃል፣ በባዶ እጁ። ጋራዥ ያለው ጎረቤት ነው ጎትቶ ያወጣው።

ግባ ባትዪውም ይገባ ነበር፣ እናቱ ናት፣ ውስጥ ናት፣ ማን ይጠብቃል ፈቃድ። እሺ። ይህን ሌሊቱን ስትለው አድራለች፣ ይሁን፣ ይገባ ነበር። ግን እሱ የጠራሽ ሊገባ አይደለም። ጥሪልኝ ሊልሽ ነው። ስልኩ ከእጁ ርቆ፣ አፉ ላይ ያለው አንቺ ብቻ ነሽ፣ እቴ ጭስ ሲልሽ ምን ጭስ? ብትዪ፣ ሁለት ቃል፣ ምን ጭስ፣ ጋራዡ በሩ ላይ ነው፣ ቁጥሩ ስልክሽ ላይ አለ፣ ሦስት ሰው በአንድ ደቂቃ ይደርስ ነበር። ሰው እሳት ተነሳ ብሎ ጮኾብሽ አንቺ ጨዋታ ሰጠሽው።

ደግሞ ሰምተሻል። እዚህ ላይ አትሸሺ። ትንኝ ዝም ብሎ ቀጥ ብሎ ሄዶ የብስ ላይ ሲወጣ፣ ወይ ደንባራ፣ ተኛህ እንዴ ብለሽ ስትስቂ፣ በማዳመጫው ሳል ይሰማ ነበር፣ የእማዬ ሳል፣ ደረቁ፣ አንቺም ምን አልሽ፣ እማን ውኃ አጠጣት እንጂ፣ አልሽ። ከዚያ ጨዋታውን አሸነፍሽ። ስምሽ ከሁሉ በላይ ወጣ። ደወልሽለት፣ አላነሳም፣ ኩርፊያ ነው፣ አልሽ። አንድ ድል ነበር የቀረው። ሌላ ጀመርሽ።

ሌላ ጀመርሽ!

በአንድ እሳት የእሳት ማጥፊያውን አታባክኚ ይላታል፣ አንዱ ይንደድ፣ ሁለተኛው እስኪጨመር ጠብቂ። ጠበቀች። ሃያ ደቂቃ።

ከደረጃው በኩል ኮቴ። እትዬ ናት፣ ከሺህ ኮቴ ይለያል፣ ደወል ሳይደወል ክፍል የሚያስገባ ኮቴ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ምሰሶውን ታልፋለች፣ ትዞራለች፣ እዚህ ምን ያስደብቅሻል? ቁጭ ብዬ ነው እትዬ። ፈረምሽ? እስክሪብቶ የለኝም። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ እስክሪብቶ የለሽም፣ እንኪ። ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ክዳኑ ላይ የጥርስ ምልክት የሌለው፣ የእሷ ምንም ነገር ላይ የጥርስ ምልክት የለም። ፊቷ ግን አብጧል። አይታት አታውቅም እንዲህ። እማ ሌሊቱን ሙሉ ያ ልጅ የት ሄደ ስትለኝ አደረች፣ የትኛው ልጅ እማ ስላት፣ የሚስቀው፣ ትለኛለች፣ ትላለች እትዬ፣ ድምፅዋም እንደ ክር ይበጠሳል፣ ወዲያው ግን ትቋጥረዋለች፣ እኔ ማስተማር አለብኝ፣ አንቺ መስፋት አለብሽ፣ እሱ እንደሆነ ታየ፣ እሱ ዘንድ አትመለስም፣ አልቋል።

ሦስት ጭስ። ከቅዳሜ ወዲህ ቆጥራቸዋለች። መጀመሪያ እዚሁ ሆስፒታል በር ላይ፣ ቅዳሜ የአንቺ ቀን አልነበረም እንዴ ስትባል፣ እሱ ነው ቀን እንለዋወጥ ያለኝ፣ አለች። አንድ። ጎረቤት አሥር ጊዜ ሲደውል የት ነበርሽ ስትባል፣ ማሽኑ እየጮኸ፣ አልሰማሁም። ሁለት። ሦስተኛው እሑድ ጠዋት፣ እትዬ የተቃጠለውን ወጥ ቤት አይታ፣ ኮምፒውተሩ እንደበራ፣ ማዳመጫው ወለል ላይ ወድቆ አግኝታ መጥታ፣ ለመሆኑ ከማን ጋር ነው እንዲህ የሚጫወተው፣ ያ ሰው ጩኸቱን ሰምቶ ዝም አለ ማለት ነው? ብላ ስትጠይቅ፣ እኔ ምን አውቄ እትዬ፣ ከመሰሎቹ ጋር ነዋ።

ከመሰሎቹ ጋር።

ይገባሉ። ክፍሉ አራት አልጋ አለው፣ የእሱ መስኮቱ ሥር ነው። ቅንድቡ የለም። ሁለት እጁ ነጭ፣ ወፍራም፣ ከአልጋው በላይ በትራስ ተደግፈው። ጉሮሮው ተለብልቧል፣ ለሦስት ሳምንት አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ ብሏል ሐኪሙ፣ ከዚያ በኋላም ድምፁ የቀድሞው ላይሆን ይችላል፣ ራስ መነቅነቅ ግን ይችላል፣ ዓይኑም አለ። ዓይኑ እሷን ሲያይ ይስቃል። ሳቅ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከሥሩ ሌላ ነገር ስትፈልግ አጣች።

እትዬ ወንበር አትስብም፣ ቆማ ነው የምትናገረው፣ እንደ ሰልፍ። ማሙሽ፣ ተመስገን ነው ተርፈሃል፣ አሁን ግን የሚነገር ይነገር። እማ መጦሪያ ትገባለች። አንተ ጨዋታ ላይ ሆነህ እሷ ልትሞትብን ነበር፣ አንተም ልትሞት። አላምንህም ከእንግዲህ። እህትህም ተስማምታለች።

እህትህም ተስማምታለች። ወረቀቱ እጇ ላይ ነው፣ እስክሪብቶውም፣ ጣቶቿ መካከል እንደ መርፌ ይዛዋለች፣ መስመሩ ባዶ ነው። ማሙሽ እትዬን አያይም። እሷን ነው የሚያየው። ሳቁ ከዓይኑ ወጥቷል። ዓይኑ ጠርዝ ላይ ውኃ ይሞላል፣ እጅ የለውም የሚጠርግበት፣ ጆሮው ላይ ይወርዳል። እሷ አፏን ስትከፍት ግን ራሱን ይነቀንቃል። በቀስታ። ተዪው። አትውጪ። እዚያው ደሴትሽ ጀርባ ቁሚ፣ ስስ ነሽ፣ እትዬ ግዙፍ ናት፣ አንዴ በጎንሽ ካገኘችሽ አለቀልሽ፣ እኔ እንደሆንኩ የብስ ላይ ወጥቻለሁ፣ ለምን ሁለታችንም። ይህን ሁሉ በአንድ ንቅናቄ ይላታል፣ ወይስ እሷ ናት የምትለው፣ እሷ ናት ይሆናል፣ ሁልጊዜ መውጫ ስትፈልግ ከሰው አንገት ላይ ነው የምታገኘው።

በአልጋውና በግድግዳው መካከል ቀጭን መተላለፊያ አለ። ታልፋለች። ከእሱ ጎን ትቆማለች፣ ፊቷን ወደ እትዬ መልሳ፣ ከጀርባዋ መስኮቱ፣ መውጫ የሌለበት ጥግ፣ ጎኗን ሁሉ ሰጥታ፣ ከጎኑ መቆም የሚባለው ለካ ይህ ነው፣ ስንት መጽሐፍ ላይ ያነበበችው ቃል፣ ጎን ሳይሰጡ ከሰው ጎን አይቆምም።

እትዬ።

ምን?

ቅዳሜ ተራው የእኔ ነበር። ቀን እንለዋወጥ ያለኝ የለም። ዩኒፎርም አለብኝ ብዬ ዋሸሁት።

የእትዬ እጅ መነጽሯ ላይ ይቆማል። ምን ማለት ነው ዋሸሁት? የት ነበርሽ ታዲያ?

ይሄውና ግዙፉ መድፉን አዞረ። አልጋውን ትይዛለች፣ ብረቱ ቀዝቃዛ ነው። በሌሎቹ አልጋዎች ያሉት ሁሉ ይሰማሉ፣ ይስሙ። ከሥሯ የሆነ ድምፅ፣ የተቀደደ ሸራ የመሰለ፣ የሰው ድምፅ መሆኑን ለመለየት ትንሽ ይፈጅባታል፣ ማሙሽ ነው፣ ሐኪሙ የከለከለውን ጉሮሮ ከፍቶ፣ አንገቱ ሥር ተወጥሮ፣ እያቃሰተ፣ አንዲት ቃል።

ጭስ።

ምን አለ? ትላለች እትዬ፣ ምን አለሽ?

ዝቅ ብላ ታየዋለች፣ ቅንድብ የሌለውን ግንባሩን፣ ይለምናታል፣ ልቀቂና ግቢበት፣ ይላታል፣ አሁን እንኳ፣ አሁንም ፊት ፊት እየሄደ። በመዳፏ ጆሮው ላይ ያለውን እንባ ትጠርግለታለች።

የለኝም ማሙሽዬ፣ አልቋል፣ ትለዋለች፤ ቀና ትላለች። ከማን ጋር ነበር የሚጫወተው ብለሽኝ አልነበር እትዬ። ጩኸቱን የሰማው ሰው ማነው ብለሽ።